እህቴ ከጀርባዬ አልወርድም ያለች ዕለት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ሳሊተ ምሕረት ዙሪያው ገና እርሻ ነበር፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ግን አልደረቀም። ትናንት ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ ጎልማሳ እግሯ የማይሄድ እህቱን አዝሎ ከመኪና ሲያወርድ አየሁ። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። «ቀስ በል፣ ጫማዬ ሊወልቅ ነው» እያለች ትቆጣዋለች፣ እሱ ይስቃል። ያን ጊዜ ነው የኔው ትዝ ያለኝ።

የኔም ታላቅ እህት ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። እናት አባታችን ካለፉ በኋላ አብረን ኖርን። እኔ ቦሌ ግንበኛ ነበርኩ፤ እሷ ሹራብ ትሠራለች፣ ወጡንም ቁጭ ብላ ትሠራለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አዝላታለሁ።

ብዙነሽን ላገባ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ፣ «ልጁ ደግ ነው። ግን እህቱን ዘመድ ጋ ይላካት፤ ልጄን ለአስታማሚነት አልድርም» ብለው መለሷቸው።

ቤት ገባሁ። እህቴ እሸት በቆሎ ጠብሳ ሰጠችኝ፤ አልበላ አለኝ።

«እሸት ያስተወህ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። በቆሎዋን ፈልፍላ ጨረሰች።

«ነገ ሽማግሌው እኔ ነኝ» አለች።

«እትዬ፣ ማን ያደርስሻል? አግቢው ከሽማግሌ ጋር መሄዱ ነውር ነው።»

«አንተ መቼ ሄድክ? የምሄደው እኔ። ጋቢህን ተከናነብ።»

በማግስቱ አዝዬያት፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ሄድን። የብዙነሽ አባት በር ላይ ተቀበሉን።

«ይሄ የተከናነበው ማነው?»

«እግሬ ነው፤ እግር አይናገርም» አለች እህቴ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ሰማሁ። ብዙነሽ ናት።

«በይ ተቀመጪ» አሉ አባቷ።

«ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ይቆማል። እኔ መቆም አልችልም። ስለዚህ ከዚህ አልወርድም።» ቀጠለች፦ «ልጅዎ እንድታስታምመኝ አልመጣሁም። ሠርቼ እበላለሁ። እሱ ያዝለኛል፣ እኔም ሳይበላ ሲተኛ እቀሰቅሰዋለሁ፤ እንዲህ ነው የኖርነው። ዘመድ ጋ ሂጂ ካሉኝስ፣ እግሬን ትቼ በምን እሄዳለሁ?»

 ሰውየው የውጪውን ጭቃ፣ ከዚያ እግሬን አዩ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እህቴ ጆሮዬ ሥር፣ «ቻል» አለችኝ።

«ልጁን ገደልሽው እኮ፤ ውረጂ» አሉ።

«እሺ ብለዋል?»

«ኧረ ውረጂ!»

«እሺን ይስጡኝና።»

«እሺ፣ እሺ። ለልጁም ወንበር ስጡት።»

ከዚያ ሦስታችን አብረን ኖርን። ብዙነሽ ስትወልድ ልጆቹ እህቴ ጉያ ውስጥ አደጉ፤ አስታማሚው ማን እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋን ነበር። እኔም አሁን በዱላ ነው የምሄደው። የዛሬ ዓመት በእህቴ ለቅሶ ላይ አንድ ጎረቤት ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «ስንት ዘመን ተሸከምካት» አለኝ።  ማን ዳረህ ብሎ ቢጠይቀኝ ግን እነግረው ነበር፤ እትዬ አሰለፈች ናት።