ጣሳው ስር የተኛው አሸዋ

ሰሞኑን ቧንቧችን ጠፍቶ ከርሞ በስንት ጊዜው ሲመጣ፣ ምራቴ ባልዲውን ሞልታ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ውኃው ረግቷል፤ ስሩ ላይ ቀጭን አሸዋ ተኝቷል። እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። ምራቴ ሮጣ መጥታ፣ "ምን ሆኑ አባባ?" አለችኝ። "አሸዋ" አልኳት። ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። "ኧረ አቦ! ለድሬዳዋ ሰው አሸዋ ብርቅ ነው እንዴ?" ሳቂ ልጄ፣ አልፈርድብሽም፤ አንቺ ሊቶሪናን አታውቂያትም። የእኔ ዘመን የድሬ ልጆች ግን ጋሪ ያልተሳፈራችሁ የላችሁምና፣ እንደምንም እየተንተባተብኩም ቢሆን ለእናንተ ልጻፈው።

ልጅ እያለሁ አባቴ ባለጋሪ ነበር። ቤታችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ወንዝ ስል የማያውቅ እንዳይሳሳት፤ ከላይ ጎርፍ ካልወረደ በቀር ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። በካልሲ ኳስ የምንራገጠው እዚያ፣ ፀሐይ ሲበርድ ትልልቆቹ ቁጭ ብለው የሚያወጉት እዚያ ነው። ጋሪያችንን የምትጎትተው ዳማ የምትባል ባዝራ ነበረች። ከቀፊራ ገበያ ጭና ወደ ከዚራ ስትወጣ የኮቴዋን ድምፅ ከሩቅ ለይቼ አውቀው ነበር። ግን አርጅታለች፤ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ዳገት ላይ ስትደርስ አባዬ ወርዶ ከኋላ ይገፋላታል። በዚያ እርጅናዋ ነው እንግዲህ አንዲት ውርንጭላ የጣለችው። አባዬ ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ "ሊቶሪና" ብሎ ስም አወጣላት፤ ያኔ በሐዲዱ ላይ እየጮኸች ሽው ትል በነበረችው ፈጣን ባቡር ማለቱ ነው። ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። ሊቶሪና አድጋ ዳማን ካልተካች ጋሪው ይቆማል፤ ጋሪው ከቆመ ደግሞ የእኛ ቤት ምድጃ ይቆማል። ይህን እኔ ልጁ እንኳ አውቀው ነበር።

ጡት ብቻ ስትጠባ ደህና ነበረች። ገለባና ፉርሽካ መቀማመስ ስትጀምር አስቀመጣት። እንዲህ በቀላሉ የሚተው ተቅማጥ አይደለም፤ ሲሻላት መልሶ፣ ሲሻላት መልሶ። ሆዷ ተነፋ፣ ጎኗ ግን የጎድን አጥንቷን እስክትቆጥሩት ከሳ። ጸጉሯ ቆመ፣ ጭራዋ ተጨማለቀ፣ የጋጡ ሽታ ቤት ድረስ እየገባ ምግብ አላስበላን አለ። አባዬ ለሰው ያሻረ ለፈረስ ምን ይላል ብሎ ኮሶ በጥብጦ ጋታት። ባሰባት። ይባስ ብሎ፣ ውኃ ነው ከላይ ገብቶ ከታች የሚወርደው ብሎ ውኃ ከለከላት። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ የፍየል ወተት ሻጭ ናት፤ አጥራችን ላይ ክርኗን አስደግፋ የማትገባበት ነገር አልነበረም። "አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ልጅ በምን ጥፋቷ ነው የምትገላት? ሐኪም ጥራ!" ብላ ጮኸችበት።

የከብት ሐኪሙ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማውን አውልቆ ጋጥ ውስጥ የገባ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት "ውኃ አትከልክሏት፣ የሚጨርሳት ጥሙ ነው" አለ። ቀጥሎ ነጭ ዱቄት በጠርሙስ በጥብጦ ጋታትና ሄደ። በማግስቱ ጠዋት እማዬ ጋጡን ልትጠርግ ገብታ ስትጮህ ሰፈሩ ተሰበሰበ። እኔም በትልልቆቹ እግር ስር ሾልኬ አየሁት። ትል ነው። ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ሰው ወስፋት ያለ፣ ግን ወፍራም፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ክምር ሆኖ፣ አንዳንዱ ገና ይንቀሳቀሳል። ያቺ ሚጢጢ ሆድ ያንን ሁሉ ተሸክማ ነበር የቆመችው! እኔ ዛሬም፣ ድሬ ላይ ኖሬ፣ ፓስታ ሲቀርብልኝ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ ደህና አድርጎ መከረን። የትሉ እንቁላል ፋንድያ ላይ ነው፤ ውርንጭላዋ እዚያው ፋንድያው ላይ ምግቧን ስትለቅም መልሳ ትውጠዋለች፤ ጋጡን ጥረጉ፣ እሷንም ከዚያ አርቁ አለ። አባዬ አንድ ነገር ከያዘ ይዞ ነው፤ ግትርነቴን ያወረሰኝ እሱ ነው። ንጹህ ቦታ የት ነው ብሎ አሰበና ወደ ደቻቱ አሻግሮ አየ። አሸዋው! እማዬ ድስቷን የምትፈትገው በእሱ ነው። አዴ ፋጡማም ከአጥሩ ላይ ሆና አጸናችለት፤ "እኛስ ውኃ ስናጣ ለሶላት በምኑ ነው የምንጸዳው? ከሱ ወዲያ ንጹህ የት ታገኛለህ?" ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተስማማ። ሊቶሪና አሸዋው ላይ ታሰረች፤ ፉርሽካዋ እዚያው ይፈስላታል፣ እሷም በከንፈሯ አንድ ሳታስቀር ትለቅማለች። ሆዷ ረጋ፤ እኛም ጨፈርን።

ደስታው አልከረመም። ተቅማጡ ተመለሰ፤ ያውም እንደ ውኃ። አሁን ደግሞ እየተኛች ሆዷን ዘወር ብላ ታያለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች። አባዬ ትሉ ተመለሰ ብሎ ሐኪሙን ደጁ ድረስ ሄዶ ጎትቶ አመጣው። ሐኪሙ ፉርሽካው የፈሰሰበትን ቦታ አየ። ከዚያ ባዶ የወተት ጣሳ አምጣ አለኝ፤ ከወደቀው ቅዘን በእንጨት አንስቶ ጨመረ፣ ውኃ ሞላበት፣ አማሰለው፣ አስቀመጠው። ሲረጋ ላይ ላዩን ቀስ ብሎ ደፋው። ጣሳው ስር አሸዋ ተኝቷል።

"ትሉስ ሞቷል" አለ፤ "አሁን ሆዷን እየፋቀ ያለው ይሄ ነው።"

አባዬ ሳቀ። "ልጄ፣ ከአሸዋ ላይ አንስተህ አሸዋ አገኘሁ ትለኛለህ?" እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከአባዬ ጋር ነበርኩ። አባዬ ሐኪሙን ሊያሳፍረው ቆርጦ ተነሳ። ጣሳውን አጠበ፤ ውኃውን በእማዬ ነጠላ አጠለለ፤ ከዚያ ሁለት እጁን እንደ ጽዋ ገጥሞ ከሊቶሪና ኋላ ቆመ። መሬት ሳይነካ ሊቀበለው ነው! ሰፈሩ ወጣ። "እጣን አምጡለት፣ ባለጋሪው ጸሎት ላይ ነው!" ትላለች አዴ ፋጡማ። አባዬ ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ተቀበለ። በዚያው እጁ ጣሳው ውስጥ ጨመረው፣ አማሰለው፤ እኛም ዙሪያውን ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሲረጋ ደፋው።

ያ ቀጭን አሸዋ። ከፊተኛው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

የአባቴ ፊት ሲለወጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጣሳውን ይዞ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። "በእጄ" ነው ያለው፤ "በእጄ ነው እኮ ያበላኋት።" ከዚያ ወደ አዴ ፋጡማ ዞሮ፣ "ንጹህ ነው አላልሽኝም?" አላት። እሷም አላነሰች፤ "ንጹህ ነው አልኩህ እንጂ ይበላል አልኩህ?" እኔ ልስቅ ብዬ እማዬን ሳያት ታለቅሳለች፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ሐኪሙ ረጅም የላስቲክ ቱቦ አውጥቶ በሊቶሪና አፍንጫ ወደ ሆዷ ሲሰደው እኔ መሸሽ አማረኝ፤ ግን ልጓሟን የያዝኩት እኔ ነኝና የት ልሂድ? ዓይኗ ነጩ ወጥቶ እኔን ያየኛል። በቱቦው ዘይት አፈሰሰባት። ከዚያ በኋላ ያለው የእማዬ ሥራ ሆነ፤ ተልባ አፍልታ፣ ምራቅ መስሎ እስኪያሟልጭ አወፍራ፣ ጠዋት ማታ ትግታታለች። አባዬ ግማሽ በርሜል ቆርጦ ከደረቷ ትይዩ ሰቀለላት፤ ሳሩ ከመልካ ጀብዱ ይመጣላታል፣ አንዲት ቅንጣት መሬት አይወድቅም። በየማለዳው ደግሞ ጣሳው። አባዬ ይቀበላል፣ ያማስላል፣ ይደፋል፤ እኛ ዙሪያውን ቆመን እናያለን። አንድ ቀን ተስፋ እንድንቆርጥ አሸዋው በዝቶ መጣ፤ ሐኪሙ ግን ይሄማ እየወጣላት ነው አለ። እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ አባዬ ጣሳውን ደፍቶ ስሩን በጣቱ ጠረገ፣ ጣቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ አየው፤ ምንም የለበትም። ለአዴ ፋጡማ አሳያት። እሷም እልልታዋን አቀለጠችው።

ሊቶሪና አደገች፣ ዳማን ተካች፣ እኔንም በዚያችው ጋሪ አሳደገችኝ። አባዬ ግን እስኪሞት ድረስ ጣሳዋን አልተዋትም፤ ማለዳ ማለዳ ከቁርሱ በፊት ያያታል።

ዛሬ ከተማው በባጃጅ ተሞልቷል፤ የኮቴ ድምፅ ለመስማት ጆሮ ማቆም ያስፈልጋል። ምራቴ የሳቀችብኝ ቀን ተናድጄ አሁን ከምንኖርበት ከሳቢያን ታክሲ ይዤ ወደ ደቻቱ ወረድኩ። አሸዋውን አሸዋ ነው ለማለት ይቸግራል፤ ላስቲክና ቆሻሻ ለብሷል። አንዲት ባዝራ ጋሪ እንደተጠመደች ቆማለች፤ ከጎኗ ውርንጭላዋ ከመሬት ትለቅማለች። ጠጋ ስል ከአፏ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል። ጮህኩ። ያዝኩና ሳብኩት፤ መጣ፣ መጣ፣ አያልቅም። ባለጋሪው ጎረምሳ ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ፣ "አይጨነቁ አባባ፣ የትል መድኃኒት ሰጥቻታለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰጥቷታል። እኛም ሰጥተናት ነበር። የእኛ አሸዋ ግን ጣሳ ስር ተኝቶ ይታየን ነበር፤ ፌስታል ሆድ ውስጥ ከቀረ በየትኛው ጣሳ ይታያል?

ለጎረምሳው የነገርኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ግማሹ ስድብ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ውርንጭላዋ የምትበላው ጋሪው ላይ ከታሰረ ባልዲ ነው፤ አፏ መሬት አይነካም።

ምራቴ ባልዲዬ የት ገባ እያለች ቤቱን ስታምስ ሰነበተች። ይህን ስታነብ ታገኘዋለች።