ስምንተኛው ፖርት

የፋይበር ኢንተርኔቱ ሳጥን ከእፀገነት ደጃፍ ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ሦስት ወር ሆኖታል። ጥቁር ነው፤ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ለእሱ ሲሉ ያችን የጎንደር አራዳ ቅያስ ከዳር እስከ ዳር ቆፍረዋታል። ኮብልስቶኑን ነቅለው ዳር ላይ ቆልለው ሲከርሙ፣ አቧራው የልጇን የምስጢርን ልብስ እየጨረሰ አንዱን ሁለት ጊዜ ሲያሳጥባት፣ እፀገነት አንድም ቀን አላማረረችም። ጎረቤት ሲራገም እንኳ «ተዉአቸው ይቆፍሩ፤ ለእኛው ነው» ትል ነበር። አሁን ያን ማለቷን ስታስበው ራሷን ትታዘበዋለች።

እፀገነት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አካባቢ ለትምህርት ጎንደር መጥታ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ውጤት በጥቂት ነጥብ አመለጣት። በላቸው የሚባል የአይሱዙ ሾፌር አገባች፤ ሁለት ዓመት የሞላትን ምስጢርን ወለደች። በላቸው መንገድ ሲከፈት ይሄዳል፣ ሲዘጋ ቤት ይውላል። ስለዚህ በዚያ ቤት የታመነው ሥራ የእሷ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የተቀረጸ ድምፅ ይልክላታል፤ የስብሰባ፣ የጥናት፣ የቃለ መጠይቅ። እሷ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች፣ የገበሬውንም የዶክተሩንም አማርኛ በላፕቶፕ ትገለብጣለች። ጣቷ ፈጣን ነው፤ ጆሮዋም የደጋውን አነጋገር ከማንም አብልጦ ይለያል። ወደ ኋላ የሚጎትታት የሞባይሉ ዳታ ብቻ ነበር። ግማሽ ፋይል ላይ ቀጥ ይላል፤ ስልኩን በመስኮት አውጥታ ትይዘዋለች፤ ይመጣል፤ ደግሞ ይሄዳል።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከድርጅቱ መልእክት መጣ። በቋሚነት የሚቀጠረው፣ የሁለት ሰዓት ፈተና በኢንተርኔት ሳይቋረጥበት የጨረሰ ብቻ ነው። የተቋረጠበት ድጋሚ ዕድል የለውም። ፈተናው ወሩ ሳያልቅ ነው።

በነጋታው እፀገነት ያስጠራችው ይታየው የሚባል የመስመር ቴክኒሻን መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፤ ሳጥኑን ከፈተ፤ አየ፤ ዘጋ።

«እህቴ፣ ፖርት የለም።»

«ፖርት ምንድን ነው?»

«ሽቦው የሚሰካበት ቀዳዳ በይው። ስምንት ነው፤ ስምንቱም ተይዟል።»

«ታዲያ ሌላ ሳጥን አይሰቀልም?»

«ይሰቀላል።»

«መቼ?»

ይታየው መሰላሉን ማጠፍ ጀመረ። «እሱን የሚያውቀው ከእኔ በላይ ያለ ሰው ነው።»

ከእሱ በላይ ያለውን ሰው ፍለጋ ልጇን አዝላ ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ቀን ተመላለሰች። አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት መራት፤ የመጨረሻው መስኮት «በዕቅድ ተይዟል» አላት። የዕቅዱን ቀን ስትጠይቅ ሰውየው ከኋላዋ የቆመውን ተራ ጠራ።

እፀገነት ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ከደጇ ቆማ ከሳጥኑ የሚወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በዓይኗ ተከተለች። አንዱ ፋርማሲው፣ አንዱ ፔንሲዮኑ፣ አንዱ ፀጉር ቤቱ። ሰባቱን ቆጠረች። ስምንተኛው የሚገባው አረንጓዴ የብረት በር ወዳለው የጨርቅ ሱቅ ነው። ያ ሱቅ ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው።

«የአያ አወቀ ነው» አለቻት ጎረቤቷ የትነበርሽ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «የድሮው ስልክ ወደ ፋይበር ሲዛወር፣ ከኮላ ድባ ድረስ መጥቶ በሩን ከፍቶ አስገባና መልሶ ቆልፎት ሄደ። በየወሩም ይከፍላል።»

«ለማን? ለአይጥ?»

«ራሱን ጠይቂው። ልጁ ዘንድ ነው ያለው። ግን አንቺ ልጅ፣ ኩላሊቱን ብትለምኚው ይቀልሻል።»

መንገዱ ደህና በሆነ ዕለት በሚኒባስ ኮላ ድባ ወረደች። አያ አወቀ ከልጁ ከሰርካለም እህል ወፍጮ ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ሰባ ያለፈው፣ ኮቱን በሙቀት የማያወልቅ ሽማግሌ። አገሯን ጠየቃት፤ ጃናሞራ ስትለው ደስ አለው፤ የጃናሞራ ሰው አቡጀዲ በጣቃ ይገዛው እንደ ነበር ነገራት። እሷም የመጣችበትን ሳታዞር ነገረችው።

«መስመሩን እንዲለቁልኝ ነው።»

«ልልቀቅ?» ሳቀ። «ዘጠኝ ዓመት ነው የጠበቅሁት። ያመለከትሁ ጊዜ ይቺ ሰርካለም አልተወለደችም። የገባ ጊዜ ስልኩን ሮጣ ያነሣችው እሷ ናት።»

«እሱ ድሮ ነው፣ አያ አወቀ። አሁን ዘመኑ ተለውጧል። ዛሬ ቢለቁት ነገ ሲፈልጉ ያገኙታል፤ መስመር እንደ ልብ ነው።»

«እንደ ልብ ከሆነ፣ ምነው እኔ ዘንድ መጣሽ?»

እፀገነት ተናደደች። የተናደደችው በሽማግሌው አልነበረም። እሱ ያለው እውነት ነው። ብርሃን በመስታወት ክር አገር ለአገር በሚሮጥበት ዘመን፣ እሷ አንድ ቀዳዳ ለመለመን በሚኒባስ መጥታለች።

«አባባ፣ ማን ይደውልልሃል?» አለች ሰርካለም ከውስጥ፣ ፊቷ በዱቄት እንደ ነጣ። «ደንበኞችህ እኮ ግማሾቹ ሞተዋል።»

«የቀሩትስ?»

ሰርካለም ለእፀገነት በዓይኗ «ይኸው ነው እንግዲህ» አለቻት።

ሽማግሌው ከኮቱ ኪስ ቁልፍ አወጣ። መስመሩን እንደማይለቅ፣ ግን ሱቁ ውስጥ ገብታ ልትሠራበት እንደምትችል ነገራት። አንድ ነገር ብቻ። የሱቁን ስልክ ትሰካዋለች፤ በጮኸ ቁጥር ታነሣለች፤ «የአወቀ ሱቅ» ትላለች። ሳይነሣ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳይቀር። እፀገነት እሺ አለች። ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

ሱቁን ስትከፍተው የናፍታሌን ሽታ ተቀበላት። ጠረገች፤ መደርደሪያውን ወለወለች፤ የምስጢርን ፍራሽ ከባንኮኒው ጀርባ ዘረጋች። ይታየው መጥቶ ሁሉን ሰካካ። የኢንተርኔት መሣሪያው መብራት አረንጓዴ ሆነ። እፀገነት አንድ ትልቅ ፋይል ለሙከራ ላከች፤ ገና ልትጠብቅ ስትቀመጥ ደረሰ ተባለ። አላመነችም፤ ደግማ ላከች። ጃናሞራ ያለች እናቷ ስልክ ለማነጋገር አሁንም ከቤት ወጥታ ጉብታ ትወጣለች።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

«የአወቀ ሱቅ።»

«አወቀ አለ?»

ድምፁን ወዲያው ለየችው። «አያ አወቀ፣ እርስዎ ነዎት እኮ።»

«አለ ወይ ነው ያልሁሽ።»

«የለም። ኮላ ድባ ነው።»

«ሸጋ» አለና ዘጋው።

በማግስቱም ደወለ። ጧት፣ ቀትር ላይ፣ ማታ ልትዘጋ ስትል። ሌላ ማንም አልደወለም። የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ፣ የሰማችው ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዋ እየበነነ፣ «የለም፣ ኮላ ድባ ነው» ስትል ሳምንት ሞላት። በላቸው ሲሰማት ይስቃል፤ «ምናልባት ጸሐፊዬ ብሎ ደሞዝ ይቆርጥልሽ ይሆናል» ይላል። እሷን ግን አላሳቃትም። ፈተናው ላይ ድምፁ አንዴ ከተከፈተ ማቆም አይቻልም፤ ያመለጠ ዓረፍተ ነገር አመለጠ ነው። የፈተናውን ዕለት ነግራ እንዳይደውል ለመነችው። «እኔ አልደውልም፤ ሌላ ሰው ቢደውልስ?» አላት።

ሐሙስ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ምስጢርን የትነበርሽ ዘንድ ትታ፣ በሩን ከውስጥ ዘግታ ተቀመጠች። ስልኩን አየችው። እጇን ሰደደችና ገመዱን ነቀለችው።

ሁለቱ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አታውቅም። የመጨረሻውን ፋይል ልካ ጣቶቿን ስታፍታታ በሩ ተደበደበ። አያ አወቀ ነው፤ ኮቱ ላይ የመንገድ አቧራ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል። በዓይኑ ፈለገና የተነቀለውን ገመድ አገኘው።

«አንቺ ነሽ የነቀልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ መስመሩን ወሰዱት ብዬ። ዐሥር ጊዜ ደወልሁ፤ ዝም። ወሰዱት ብዬ መጣሁ።»

«አልደውልም ብለውኝ ነበር።»

«መኖሩን ልይ ብዬ ነው።» እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ያን ጊዜ ወሩን ሙሉ የያዘችው ነገር ሁሉ ወጣ፤ ድምፅዋን ግን አልጨመረችም። «ዘጠኝ ዓመት መጠበቅን የሚያውቅ ሰው፣ ሌላውን እንዲህ ያስጠብቃል ብዬ አላሰብሁም። እኔ ስምዎን አልነጠቅሁም። ቀኑን ሙሉ የለም፣ ኮላ ድባ ነው እያልሁ ነው የምውለው። ከሳጥን ሰቃዩም፣ ከመስኮቱም፣ ከእርስዎም፣ ከሁላችሁም የማገኘው መልስ ጠብቂ ነው። ልጄ ግን አትጠብቅም።»

ሽማግሌው ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ፤ አቧራው የተወለወለለትን መደርደሪያ አየ። የደከመ ሰው ፊት ነበረው። እፀገነትም ውኃ ሰጠችውና፣ ንዴቷ ሳይበርድ፣ ስልኳን አውጥታ ለይታየው ደወለች። አንድ ነገር ቀደም ብላ ልትጠይቀው ይገባ ነበር፤ በፈተናው ጭንቀት አላሰበችውም።

«ይታየው፣ የሱቁ ስልክ ሲደወል ሞባይል ላይ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል?»

«ጥሪ ማዛወር? የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለቤቱ ይኑር እንጂ።»

ከዚያው ቅያስ ዳር ስለነበር መጣ፤ የሁለት ደቂቃው ሥራ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ሲጨርስ እፀገነት በራሷ ስልክ የሱቁን ቁጥር መታች። በአያ አወቀ ኮት ኪስ ውስጥ ጮኸ። ሽማግሌው አውጥቶ አየው፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ጆሮው ላይ አደረገው።

«የአወቀ ሱቅ» አለ፣ ረጋ ብሎ። ከአፍታ በኋላ ዞረ። «ኮላ ድባም እንዲህ ይላል?»

«ኔትወርክ እስካለ ድረስ» አለ ይታየው።

አያ አወቀ ቁልፉን ከባንኮኒው አላነሣም። «ሁለተኛው ሳጥን እስኪሰቀል ሥሪበት» አላት። እፀገነት ያንኑ በወረቀት እንዲያሰፍርላት ስትጠይቀው ተቀየማት፤ የአወቀ ቃል ወረቀት ፈልጎ አያውቅም አለ። እሷ ግን ጽፋ አቀረበችለት። እያጉረመረመ ፈረመ።

የፈተናው ውጤት ቅዳሜ መጣ፤ ዘጠና አልሞላም፣ ግን አልፋለች። ሰኞ ጧት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ የሁለተኛውን ሳጥን ነገር ጠየቀች። «በዕቅድ ተይዟል» አላት ያው ሰውዬ። ስሙን ጠየቀችው። ቅር እያለው ነገራት። በደብተሯ ስሙንና ቀኑን ጻፈች፤ ከዚያም መስመር የሚጠብቁ የስድስት ጎረቤቶቿን ስም የያዘ ማመልከቻ አስገብታ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም እንዲያደርግላት ለመነችው። ማኅተሙ ያለው ሌላ ክፍል ነው አላት። ያ ክፍል የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። ምስጢርን አዘለችና፣ ከሰዓት ልትመለስ፣ ቁልቁል ወደ ሱቁ ሄደች።