የማትስተው አውሮፕላን

ላቀው እንደ ሰው ቢሆን ኖሮ ዳማ ይበቃው ነበር። ግን ዳባት ላይ እንደሱ ሕግ የሚወድ ሰው አልተፈጠረም፤ የወፍጮ ሞተር ሲጠግን እንኳ ያልተጻፈ ደንብ እየጠቀሰ ከብሎኑ ጋር ይከራከራል። በደርግ ጊዜ ሚግ የሚባለው የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ተሰናብቶ አገሩ ገባ። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ደግሞ እሑድ አልገፋ አለው። ጨዋታውን የፈጠረው ለዚሁ ነው፤ ሰው እንዲመጣለት።

ጣውላ ላይ ደጋውንና ቆላውን ሥሎ በአራት ማዕዘን ቤት ከፋፈለው። ባቄላው ወታደር ሆነ፤ ገበያው የሸሚዝ ቁልፍ። ቁልፎቹን ያመጣው ሀብተ ሚካኤል ነው፤ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤቱ። አውሮፕላኗን ግን ላቀው ራሱ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ክንፏን በሞረድ አለስልሶ ሠራት። ነዳጇ የገብስ ቆሎ ነው። አንድ ቤት በተሻገረች ቁጥር አንዲት ፍሬ ይነሣላታል፤ ማረፊያዋ ሳትደርስ ቆሎው ካለቀ ወደቀች። ደመና ተብሎ ጥጥ የተቀመጠበት ቤት አትገባም፤ ጥጡ ግን በየሁለት ተራው ይነሣል። የደረሰችበትን ቤት ግን ጠራርጋ ታወጣለች፤ አትስትም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዘቢደር ጠላ ቤት ይቀመጣሉ። ዘቢደር ነዳጁን እየቆረጠመችበት ስንቴ ተጣልተዋል! መጀመሪያ ተጫዋቹ ብዙ ነበር። አውሮፕላኗ በዕጣ የደረሰችው ሰው ሁልጊዜ ሲያሸንፍ ጊዜ አንድ በአንድ ሸሸ። የቀረው ሀብተ ሚካኤል ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ እሑድ ቁልፎቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

«ጨዋታህ ውሸት ነው» አለው።

«ምኑ ነው ውሸቱ? ነዳጁ ልክ፣ ርቀቱ ልክ!»

«ሚግ ትስታለች።»

«ወግድ! እኔ አይደለሁም እንዴ የማስታጥቃት? ሙሉዋን ትሄዳለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች።»

«የጣለችው የት እንደ ወደቀ አይተሃል?»

ላቀው እውነትም አላየም። ሀብተ ሚካኤል ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ተከዜ ዳር ካለው ቆላ፣ ከአውሮፕላኗ ሥር የኖረ ሰው ነው።

«ቀን ዋሻ ውስጥ እንውላለን፤ ገበያው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ይቆማል» አለ ብርጭቆውን እያየ። «እሷ መጥታ ቋጥኝ ደብድባ፣ ባዶ ማሳ አርሳ ትሄዳለች። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ናት። አንድ ቀን ግን ደመና ነው፣ አትመጣም ብለን ገበያውን በቀን አቆምነው። ደመናው ተገለጠ። እህቴ ጨው ልትገዛ ወጥታ ነበር።»

ዘቢደር ማሰሮዋን እንደያዘች ቆመች። «ጋሼ ላቀው፣ ዛሬስ ይህን ጣውላ ቢያነሡት» አለችው በቀስታ።

አነሣው። ያን ሳምንት ላቀው ከማንም ጋር አልተከራከረም። ዕድሜውን ሙሉ የኮራው ባዶዋን በምትመለሰው አውሮፕላን ነበር፤ አሁን ያ ኩራት አንገቱን አስደፋው። ከዚያ የባሰው ግን የመጪው እሑድ ፍርሃት ነው። ሀብተ ሚካኤልም ከቀረ ማን አለው?

እሑድ ሲደርስ ሽምብራ ይዞ መጣ፤ አንዷን በከሰል አጥቁሯታል። ሽምብራዎቹን ባርኔጣው ውስጥ አድርጎ፣ «ዕጣ ይውጣላት፤ የምትመታው ጥቁሯ ስትወጣ ብቻ ነው። ከስንት አንዷ ትሁን?» አለ።

«ከስድስት» አለ ሀብተ ሚካኤል ብዙ አስቦ። «ሦስት ተራ ቀን፣ ሦስት ተራ ሌሊት ይሁን፤ በሌሊት ተራ ደግሞ ገበያ አይነካም።»

«አይነካም።»

ሀብተ ሚካኤል ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ። ላቀው ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ ሁለት ጠላ አዘዘ።

ጨዋታው እንዲህ ሲሆን አማረ። ለላቀው የደረሰችው አውሮፕላን ሳተች፣ ደግማ ሳተች፤ ሀብተ ሚካኤልም ሳቀባት። ደፈር ብሎ አንዱን ቁልፍ በቀን ተራ ደመና ሥር አወጣው። በሚቀጥለው የቀን ተራ ደመናው የሚነሣበት ደንብ መሆኑን ረስቶት ነበር። ደመናው ተነሣ፤ ላቀውም ደንቡ ነውና አውሮፕላኗን አምጥቶ ቁልፉ ላይ አደረሳት። እጁን ባርኔጣው ውስጥ ሰደደ።

መዳፉን ሲከፍት ጥቁሯ ናት።

ሀብተ ሚካኤል ቁልፉን እንጂ ላቀውን አላየም። ላቀው ሽምብራዋን ወደ ባርኔጣው መለሳት።

«ነዳጅ አልቋል» አለ። አውሮፕላኗን ከጣውላው አንሥቶ በክንፏ አጋደማት። «ወድቃለች።»

ቆሎው እኮ እዚያው ፊቱ ነበር፤ ደርሶ መልስ ይበቃታል። ሀብተ ሚካኤል ፍሬዎቹን በዓይኑ ቆጠረ፣ አንድ ባንድ። ከዚያ ሁሉንም በመዳፉ ጠርጎ አፉ ውስጥ ጨመረና ይቆረጥም ጀመር።

«ተራው የእኔ ነው» አለ።