ጦም ባደረው ማሳዬ ላይ የተተከለው ችካል

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና ኅዳር ላይ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ የሞተ ሰው የለም፣ የጠፋም ንብረት የለም። ግን እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ፣ ወዲያውም እንደዚያ ቀልሎኝ አላውቅም። ከአእምሮዬ ስላልወጣ ልጻፈው አልኩ።

ከቤቴ ጀርባ፣ ከተማው የሚያልቅበት ላይ፣ አንዲት ማሳ አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምኖረው በእሷ ነው። በዚያ ዓመት የእኩል የሚያርስልኝ ሰው በሬዎቹን ሸጦ ዓረብ አገር ሄደ። ሌላ አራሽ ሳላገኝ ክረምቱ ገባና መሬቱ ጦም አደረ። ዙሪያው ገብስና ስንዴ ሲሆን የእኔ ሣር ብቻ ሆነ።

በእኛ አካባቢ ሳይታረስ የቀረ መሬት ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ አልፈለገውም ተብሎ ለሌላ ይሰጣል እየተባለ ይወራል። ከተማውም እየሰፋ ነው። ክረምቱን በሙሉ ይህንን ሳስብ ከረምኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አንድ ዓርብ፣ ከላላ ወረዳ ያለችውን እኅቴን ጠይቄ ስመለስ፣ ማሳዬ ላይ ችካል ተተክሎ አገኘሁ። ሁለት ናቸው። አናታቸው ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮባቸዋል።

ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ከአጥራቸው ማዶ ሆነው ጠሩኝ።

"ትናንት ነው የተከሉት። አራት ወጣቶች ናቸው፤ ሜትር እየጎተቱ ይለካሉ፣ አንዷ ትጽፋለች። ቅዳሜ ጠዋት እንመለሳለን ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ከየት ነን አሉ?"

"አልጠየቅኋቸውም። መሬት የሚለካ ሰው ከየት ይመጣል? አብሽሩ እትዬ ዘነቡ፣ ነገ እኔም አለሁ።"

አብሽሩ ይበሉኝ እንጂ የእሳቸውም ፊት ጠቁሮ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የመሬት ደብተሬን በጉያዬ ይዤ ማሳው ዳር ቆምኩ። ጋሽ ሰይድ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ዱላ ይዘው መጡ። "ዱላው ለምንድን ነው?" ብላቸው "ለመደገፊያ" አሉኝ። ሦስቱም በአንድ ቀን መደገፊያ መፈለጋቸው ገረመኝ።

ብዙም ሳይቆይ ችካሉን የተከሉት ልጆች መጡ። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ናቸው።

"እማማ፣ ደኅና አደሩ?" አለች ልጅቷ።

የሰው ሰላምታ ሳልመልስ ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

"ማን ነው የላካችሁ?" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"ማንም አልላከንም አባባ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከሒሳብ ክበብ ነው የመጣነው," አለ አንዱ ልጅ።

"ለሒሳብ ክፍል ጠፍቶ ነው የሰው ማሳ ላይ የምትሠሩት?"

ያን ጊዜ እኔ ጠየቅሁ። "መሬቴን ለካችሁት?"

"መሬቱን አይደለም እማማ," አለች ልጅቷ ደንግጣ። "ታወሩን ነው።" ጉብታው ላይ የቆመውን የስልክ ታወር በጣቷ አሳየችን።

"ታወሩ እዚያ፣ ችካሉ እዚህ! ሞኝ አገኘሽ?" አሉ ጋሽ ሰይድ። ልጆቻቸው ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች። ያወጣችው የተማሪ ፕሮትራክተር ነው። በላዩ የእስክሪብቶ ቀፎ በፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ከመሃሉ ክር ወርዶ ጫፉ ላይ የቁልፍ መክፈቻ ታስሯል። ከእያንዳንዱ ችካል ላይ ሆነው በቀፎው የታወሩን ጫፍና እግር እንደሚያዩ፣ ክሩ ያረፈበትን ቁጥር እንደሚመዘግቡ፣ የችካሎቹን ርቀት ደግሞ በሜትር እንደሚለኩ ነገረችን። ከዚያ ወዲያ ጉብታው ላይ ሳይወጡ ቁመቱ በስሌት ይገኛል።

"ለምን እዚያው ሄዳችሁ አትለኩትም?" አልኳት።

"ጥበቃው አባረረን," አለች። "ደግሞ ቀርቦ መለካት ጨዋታው ላይ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። እንቆቅልሽ እንፈታለን፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን እናስጠናለን፣ አንዳንዴም እንዲህ እንወጣለን። ማሳዎ አልታረሰም፣ አጥርም የለው፤ የግጦሽ መሬት መስሎን ነው። ይቅርታ እማማ፣ መጠየቅ ነበረብን።"

የግጦሽ መሬት መባሉ አመመኝ። ግን ዓይኔ መሣሪያው ላይ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ዛፍ ስሎ፣ ከሥሩ ሦስት ማዕዘን እያሰመረ ቁመቱን ሲያወጣ ትዝ አለኝ። ተቀበልኳትና በቀፎው አየሁ። የታወሩ ጫፍ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው በእስክሪብቶ ቀፎ አያይም። እዚያው ሣሩ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ምነው እማማ፣ አመመዎት?" አለች ልጅቷ።

"ደኅና ነኝ። ሥሩ," አልኳት። "መጠየቅ ግን ነበረባችሁ።"

ጋሽ ሰይድ ዱላቸውን ለልጃቸው ሰጥተው መሣሪያውን ተቀበሉ። ቀፎውን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ቆዩ። "ወላሂ፣ ይህ ከሠላሳ ክንድ አያልፍም," አሉ። ተማሪዎቹ አስልተው ሲጨርሱ በክንድ ቀይረው ነገሯቸው፤ እሳቸው ካሉት እጥፍ አልፎ ተገኘ።

"ክንዱ የማን ነው?" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"የእኔ ነው አባባ," አለ ከሁሉም አጭሩ ልጅ።

"እንዲህ በለኝ! በአንተ ክንድማ ሰማይ ይደርሳል።"

ሁላችንም ሳቅን። ጉያዬ ያለውን ደብተር ማንም አላየብኝም።

በነጋታው ሌላ አራሽ መፈለግ ጀመርኩ። ለክረምቱ አግኝቼ ባቄላ አስዘራሁ። ዛሬም መሬቷ የእኔ ናት።

ባለፈው ዓመት የክበቡ ልጆች እንደገና መጡ። በዚህኛው ጊዜ በሬን አንኳኩ። ልጅቷም ከመካከላቸው ነበረች። "እማማ፣ በማሳዎ እንለፍ?" አለችኝ።

"የተዘራ ነው፤ በዳር በዳር ሂዱ," አልኳት።

ያንን ቃል መናገር በመቻሌ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ እሷ አታውቅም።