የጋሽ ዘውዱ ካፖርትና የፍልሰታ ሱባኤ

ፍልሰታ በገባ ሰሞን ባለቤቴ ትዕግሥት "አንተ ስትጾም እኛ ከሳቅ እንጾማለን" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጾም ሲይዝ ኮሶ የጠጣ ሰው እመስላለሁ፤ በር በኃይል በዘጋ ሰው ሁሉ ላይ እቆጣለሁ። የጾምና የጸሎት ደስታ የሚሉት ነገር ካለ ወዴት እንዳለ ማወቅ ፈለግኩ። ትዕግሥትም "መንዝ ጋሼ ዘንድ ሂድና ተማር" ብላ ሸኘችኝ። ጋሽ ዘውዱ አጎቷ ናቸው፤ በፍልሰታ ጀንበር ሳትጠልቅ እህል አይቀምሱም እየተባለ በአገሩ ይወራላቸዋል።

ጣርማ በር

ከደብረ ብርሃን የተነሳው ሚኒባስ ጣርማ በር ሲደርስ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን ይፈልጋል፤ ተሳፋሪው በሙሉ "እመቤቴ!" ይላል። እኔም ከልቤ ጸለይኩ። ወደ መንዝ ከታጠፍን በኋላ ጭቃው ይዞን ወርደን ገፋን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የሽምብራ ቆሎ ሲዘረጉልኝ "ጾመኛ ነኝ" ብዬ ኮራሁ።

"ቅዳሴ እኮ ከወጣ ቆየ፣ ልጄ" አሉና ለራሳቸው ቆረጠሙ። ሽታው እስከ ሞላሌ አብሮኝ ተጓዘ።

ሞላሌ

ጋሽ ዘውዱ ረጅም፣ ኮስታራ፣ አንድ የፊት ጥርሳቸው የወለቀ ሽማግሌ ናቸው። የጾምን ደስታ ብጠይቃቸው "ጾም መቻል ነው። ደስታውን አላውቅም" አሉኝ። ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ማርያም ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ስስ ጃኬቴን አይተው የጋሽ ዘውዱን ካፖርት ደረቡልኝ።

"ኧረ ተይ፣ ይከብደዋል!" አሉ ጋሽ ዘውዱ።

"እርስዎ ባና ለብሰዋል አይደል? እንግዳ ሰው በብርድ ይሙት?"

መንገዱን ሙሉ የጋሽ ዘውዱ ዓይን ከካፖርቱ አልተነሳም።

ማርያም ደጅ

ቀትር ላይ ሱባኤተኛው ግቢው ውስጥ ቆሞ "እግዚኦ መሐረነ" እያለ ይሰግዳል። እኔም ጎንበስ ስል ከካፖርቱ ኪስ የበሶ ጭብጦ ወደቀ። ቁልቁል ተንከባልሎ ቄሱ እግር ሥር ቆመ። ግማሹ ተገምጧል።

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "ምነው ልጄ፣ ትንሽ ብትታገሥ" አሉ አንዲት እናት። ጋሽ ዘውዱን ባያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል። አንድ ቃል ብተነፍስ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ስም ጭቃ ላይ መውደቁ ነው። አንጀቴን በሉኝ።

"የእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ" አልኩ።

ቄሱ ጭብጦውን አንስተው አገላበጡት። ንክሻው መሃል ላይ ጥርስ ያልነካው ጉብታ ቀርቷል። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጋሽ ዘውዱ ወደ ፊት ወጡ።

"ውሸቱን ነው፣ አባ! የኔ ነው። ይኸው ጥርሴ!" ብለው አፋቸውን ከፍተው ለጉባኤው አዞሩ።

"ለጨጓራዎ ጠዋት ጠዋት ይቅመሱ ብዬ ፈቅጄልዎት የለም እንዴ? ምን አስደበቀዎት?" አሉ ቄሱ።

"ጾመኛ እያሉኝ ነዋ! ስሙ ከረሃቡ ባሰብኝ እኮ።"

መጀመሪያ እትዬ አስካለ ሳቁ፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ። ጋሽ ዘውዱም ባናቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጸሎቱ ሲቀጥል ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ነበር። እኔም ሆዴ እየጮኸ፣ ሳቄ እያመለጠኝ ሰገድኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ጸልዬ አላውቅም። ቅዳሴ ሲወጣ በሶ በጥብጠን ከሱባኤተኛው ጋር ጠጣን።

ቤት

ሱባኤው ሳያልቅ ሥራ ስለጠራኝ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሳስበው፣ እኔም እንደ ጋሽ ዘውዱ የደበቅኩት ነገር ነበረኝ። እሳቸው ጭብጦ ደበቁ፤ እኔ ረሃቤን በቁጣ ሸፈንኩ። እግዚአብሔር ግን ሁለታችንንም ያየናል።

ትዕግሥት በሩን ከፍታ ፊቴን አጠናችው። "እህ፣ ጾም እንዴት ነው?"

"ራበኝ!" አልኩ እየሳቅኩ።

"እኔንማ ሁሌም ይርበኛል" አለች፤ "አንተን ፈርቼ አልናገርም እንጂ።"