የተዐቀበ ድምፅ

የክልል ምክር ቤት አባል ከመሆኔ አስቀድሞ የታወቅሁት «ሰብሳቢው» በሚል ስም ነበር። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ሰብሳቢ ማለት ሚዛኑን በመንገድ ዳር ሰቅሎ፣ ገበሬው ከነገለባው አድርቆ ያመጣውን ጀንፈል እየገዛ ለትልልቅ ነጋዴዎች የሚያስረክብ ሰው ነው። እኔም ከቅኔ ቤት ወጥቼ የቡ በምትባለው ከተማ ይህን ሥራ ጀመርሁ፤ እግዚአብሔር ሲረዳኝ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር፣ የቡና መፈልፈያ ተከልሁ።

አባል የሆንሁበት የፖለቲካ ድርጅት ለምርጫ ያጨኝ ጊዜ የቡ ሄጄ ለአንድ የቆየ ወዳጄ ነገርሁት። ሙስሊም ነው፤ ሚዛን የያዝነው በአንድ ዋንዛ ሥር አብረን ነበር። እኔ ወደ ከተማ ስገባ እርሱ ከዚያችው የዋንዛ ጥላ አልተነሣም።

«እዚያም ሰብሳቢ አለ አሉ» አለኝ።

«አለ፤ ስብሰባውን የሚመራው።»

«እኛም ሰብሳቢ፣ እርሱም ሰብሳቢ። እኛ የምንሰበስበው ግን ይመዘናል።» ስቆ ሲያበቃ ክንዴን ያዘኝ። «ማሎ፣ እባክህ፣ እጅህን ብቻ እያወጣህ እንዳትመለስ። የኛ ነገር የተነሣ ቀን ተናገር።»

«እናገራለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«መማል በሃይማኖቴ ክልክል ነው። እናገራለሁ ካልሁ እናገራለሁ።»

«በቃ፣ ይኼ ከወላሂም ይበልጣል» አለኝ።

የምክር ቤቱ ጉባኤ የሚካሄደው በኦሮምኛ ነው። ጅማ ተወልጄ ኦሮምኛ አያቅተኝም፤ የስብሰባው ቃላት ግን አዲስ ሆኑብኝ። በመጀመሪያው ቀን የሚደግፉ ተጠየቁ፤ የሚቃወሙ ተጠየቁ፤ ቀጥሎ አንድ የማላውቀው ነገር ተጠየቀ። አጠገቤ የተቀመጠውን የሰቃ ወረዳ ተመራጭ «ምን አለ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ተአቅቦ» ሲል በዐማርኛ ሹክ አለኝ። ደስ አለኝ። በቅኔ ቤት «ዐቀበ» ብዬ «ጠበቀ» እያልሁ የግእዝ ግስ ያወረድሁ ሰው ነኝና፣ ድምፁን ጠብቆ ሊናገር ተራ የሚይዝ ማለት ነው ብዬ እጄን አነሣሁ። ሰብሳቢው መዝግቦኝ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ተራዬ ይደርሳል እያልሁ የምናገረውን በልቤ ሳሰናዳ ረፈደ።

«ጋሼ፣ ተአቅቦ እኮ አልደግፍም አልቃወምም ማለት ነው» አለኝ ጎረቤቴ፣ ነገሩ ሲገባው። ሳቁን ሊያፍን ሞከረ፤ አልቻለም። ምሳ ሳንበላ ወሬው አዳራሹን ዞረ፤ «ባለ ተአቅቦው» የሚለው ስምም በዚያው ወጣልኝ።

ኋላ አንድ የሕግ ረቂቅ መጣ። ቡና ከከተማ የግብይት ማዕከል በቀር በመንገድ ዳር እንዳይገዛ የሚከለክል ነበር። ጥቂት ጣሳ ጀንፈል ያላት የገጠር ባልቴት ለዚያች ብላ መኪና ተሳፍራ ከተማ አትገባም። የወዳጄም ሚዛን መውረዱ ነው።

በዋዜማው የድርጅቱን ተመራጮች የሚያስተባብረው ወጣት ጠራኝ።

«ረቂቁን እንዳልወደዱት ሰምቻለሁ» አለኝ በአክብሮት። «ይደግፉ ብዬ አላስጨንቅዎትም። እንደ መጀመሪያው ቀን ተአቅቦዎን ያድርጉ፤ ያውቁበት የለ?» ፈገግ አለ። «ለመጪው ምርጫም ስምዎ አይጠፋም።»

«ልጄ፣ ያን ቀን ድምፄን የዐቀብሁት ልናገርበት ነበር» አልሁት። «ይኸው እስከ ዛሬ ዐቅቤዋለሁ።»

ነገሬ የገባው አልመሰለኝም።

በማግሥቱ የሚደግፉ ሲባል አዳራሹ በእጅ ተሞላ። የሚቃወሙ ሲባል እጄን አነሣሁ። የሰቃው ጎረቤቴ እጀታዬን ጎተተ።

«ጋሼ፣ ያውርዱት፤ ተአቅቦ ገና ነው፤ ቀጥሎ ነው።»

የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ሰብሳቢውም ሳቀ።

«ዛሬ አልተሳሳትሁም» አልሁና፣ እጄን ሳላወርድ ተነሥቼ ቆምሁ። ይህን ጉባኤ የሚመራውም ሰብሳቢ፣ በዋንዛ ሥር ሚዛን የሚይዘውም ሰብሳቢ መሆኑን ተናገርሁ። ያኛውን ሰብሳቢ ገበሬው ሚዛኑን በዐይኑ እያየ ያምነዋል፤ ካላመነው ጀንፈሉን አንሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህ ረቂቅ የሚነፍገው ያንኑ አንሥቶ መሄዱን ነው አልሁ። ሳቁ ቆመ። ረቂቁ ግን በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ።

ከዚያ የድርጅቱ ግምገማ ላይ ተጠራሁ። ጥፋትህን አምነህ ግለ ሂስ አድርግ አሉኝ።

«ኃጢአቴን የምነግራቸው የንስሓ አባት አሉኝ» አልኋቸው። «ይህን ግን ለእርሳቸውም አልናዘዘውም፤ ኃጢአት አይደለምና።»

በሚቀጥለው ምርጫ ስሜ ከእጩዎቹ መካከል አልነበረም። እኔም ለምኜ አላስገባሁትም።

የቡ ወረድሁ። ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ሚዛኑ የለም፤ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። ወዳጄ ከሥሩ ጨውና ሳሙና ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ተናገርህ?» አለኝ።

«ተናገርሁ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ቀና ብሎ ገመዱን አየ፤ ቀጥሎም እኔን።

«ይኼ ድምፅማ ይመዘናል» አለና አግዳሚው ላይ ስፍራ ለቀቀልኝ።