ኮረንቲ የዘጋው ካርድ

ወንድሜን ቤተሰቡ በሙሉ «ኮረንቲ» ነው የሚለው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንድ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ ሲቀመጥ ያየሁት ፀጉሩን ሲቆረጥ ብቻ ነው፣ ያውም እግሩን እያወዛወዘ። በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የቲኬቱን ኮምፒውተሮች የሚጠብቀው እሱ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሥራው የማውቀው እየተቁነጠነጠ የነገረኝን ነው።

አባታችን ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የሚለየው በድምፅና በእርምጃ ነበር። በመጨረሻ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ፋሻው በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሊፈታ ተቀጠረ። አባባ አንድ ነገር ብቻ ለመነን።

«ሲፈታ ሁለታችሁም ፊቴ ቁሙልኝ። በተለይ አንተ!»

«አባቴ ይሙት!» ብሎ ማለ ኮረንቲ፣ እዚያው አባቱ ፊት።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የኮረንቲ ስልክ ጮኸ። በዋዜማው ሰርቨሩ ላይ፣ ማለት የቲኬቱ ዋና ኮምፒውተር ላይ፣ አዲስ ኔትወርክ ካርድ ገጥሞ ነበር፤ ኬብሉ የሚሰካበት፣ ማሽኑ ከሌሎቹ ጋር የሚነጋገርበት ዕቃ ነው። አሮጌውም አዲሱም አንድ አድራሻ ይዘው ተጣልተዋል፤ ቲኬት ቆራጮቹ አንዴ ይገባላቸዋል፣ አንዴ እምቢ ይላቸዋል።

«የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፣ እትዬ» አለኝና ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

ሰርቨሩ በሚሠራበት ሊኑክስ በሚሉት ሲስተም ላይ ካርድ ለመዝጋት አንዲት የትእዛዝ መስመር ትበቃለች። የካርዶቹ ስም ደግሞ የሚለያየው በአንዲት ቁጥር ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚሠራ ሰው ካርድ ከመንካቱ በፊት ማሽኑን «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልከለከልኩህ ሁሉንም እንደነበረ መልሰው» ብሎ ያዝዘዋል። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የሚያስተምረው ራሱ ኮረንቲ ነው። ያን ዕለት ግን ቸኮለ። ጻፈ፣ ተጫነ፣ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ።

«ምነው?» አልኩት።

«የሚሠራውን ካርድ ዘጋሁት።»

«ክፈተዋ!»

«በምን ልክፈተው? በሱ ነበር የገባሁት!»

አሁን በየመናኸሪያው አንድም ቲኬት አይቆረጥም። የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አብሮት የሚሠራው ሰው ፈቃድ ላይ ነው። «ለአራት ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎ በረረ። እውነቱን ልናገርና ላፕቶፑን በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

እንደደረሰ ካርዱን ከፈተው፣ ጠበኛውን ዘጋው፤ ቲኬትም መቆረጥ ጀመረ። ያኔ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ተነሥቶ ቢመጣ ይደርስ ነበር። ነገር ግን ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሣ ጠቡ እንደገና ይጀምራል ብሎ ቅንብሩን በቋሚነት ፋይል ላይ ሊጽፍ ተቀመጠ። ማሽኑ ፋይሉን አልቀበልም አለ። የበዛችው አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች፣ ከአንድ መስመር ፊት። ባዶ ቦታ ደግሞ አትታይም። እሷን ሲፈልግ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ።

እኛ ዘንድ ሐኪሟ በሰዓቷ መጣች።

«ኮረንቲስ?» አለ አባባ።

«እየመጣ ነው።»

«ትንሽ እንጠብቀው፣ ዶክተር?»

አምስት ደቂቃ ጠበቀችው፤ ውጭ ብዙ ሰው ተሰልፏል። ፋሻው ተፈታ። አባባ ዓይኑን አርገበገበና እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«የቀሚስሽ ጠርዝ ጠማማ ነው» አለኝ፤ ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነውና። እየሳቅን ተላቀስን። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ያ በሩጫ የሚኖር ሰውዬ ከሐፍረቱ የተነሣ ዝግ ብሎ ገባና ቃል ሳይተነፍስ ቆመ። አባባ ቀና ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ከአልጋው ብድግ ሊልለት እየሞከረ፣

«ይግቡ ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለው።

ኮረንቲ ደርቆ ቀረ። አንጀቴን በላው፤ ንዴቴም እዚያው ጠፋ።

«አባባ… እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

አባባ ድምፁን ሲሰማ እጁን ዘረጋ፤ አንገቱን ይዞ ወደ ራሱ ሳበውና ፀጉሩን ዳበሰው።

«መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

«እንጃ፣ አባባ።»